ለዒላማ ጠመንጃ ምትክ ምላጭ ሲመርጡ

በአነጋገር «ቃታ» እና «ምላጭ» ስለሚደባለቁ አስቀድሜ ላብራራ። በዚህ ጽሑፍ ምላጭ የምለው ጣት የሚያርፍበትን ቁራጭ ብቻ ሳይሆን፣ ከርሱ ጋር ተያይዞ መቺውን መርፌ ወጥሮ የሚይዘውንና ጣት ሲስበው የሚለቀውን ትንሽ የብረት ሣጥን በሙሉ ነው። ከፋብሪካ የመጣውን ሣጥን አውጥቶ በቦታው ሌላ ኩባንያ የሠራውን መግጠም በዒላማ ተኳሾች ዘንድ የተለመደ ነው።

ውጭ አገር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ክለብ ገብቶ የመጀመሪያ ጠመንጃውን እንደ ገዛ አዳማ ድረስ ደውሎ የጠየቀኝ «ጋሼ፣ ከሁሉ የሚቀለው ምላጭ የማን ነው?» ብሎ ነበር። ወደ አገሬ ተመልሼ የቶርኖ ሥራ ከመጀመሬ በፊት እኔም በዚያው አገር ክለብ ስገባ መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ስለ ነበር አልፈረድሁበትም። ይሁን እንጂ መጠየቅ ያለበት የትኛው ምላጭ ይቀላል የሚለው ሳይሆን፣ የትኛው ምላጭ መቶ ጊዜ ቢሳብ መቶ ጊዜም በአንድ ክብደት፣ ማለትም በአንድ የመሳቢያ ኃይል፣ እና በአንድ ቦታ ላይ ይለቃል የሚለው ነው።

ምላጭ ተኳሹን አነጣጣሪ አያደርገውም። የሚሰጠው ጥቅም አነጣጥሮ ያረጋጋውን ጠመንጃ በመጨረሻዋ ቅጽበት በገዛ ጣቱ እንዳያናጋው ማገዝ ነው፤ በ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር ዐሥር ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 10.4 ሚሊ ሜትር፣ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ደግሞ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ግን ይህ እገዛ ቀላል አይደለም። ሻጮች አንዳንድ ጊዜ ምላጩ መርፌው የሚመታበትን ጊዜም ያሳጥራል ይላሉ። ቦልት፣ ማለትም በእጅ እየተሳበ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ፣ ባለው ጠመንጃ ላይ ያ ጊዜ በአመዛኙ የሚወሰነው በቦልቱ ውስጥ ባለው ስፕሪንግ ጥንካሬና በመርፌው ክብደት ስለሆነ፣ ለዚህ ተስፋ ብለው ተጨማሪ ገንዘብ ባያወጡ ይመረጣል።

ምላጭ ሲሳብ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጣት ምንም ሳይከብደው የሚሄደው ባዶ ጉዞ ነው። ሁለተኛው፣ ክብደቱ ከተሰማ በኋላ በሣጥኑ ውስጥ መርፌውን ወጥረው የያዙት ጥርሶች እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ የሚንሸራተቱበት ሲሆን፣ የምላጭ ዋነኛ ነውር እርሱ ነው። ሦስተኛው ጥርሱ ከለቀቀ በኋላ ምላጩ ወደ ኋላ የሚቀጥለው ትርፍ ጉዞ ነው። ጥሩ ምላጭ ያልተቀቀለ ፓስታ በሁለት ጣት ይዘው ሲጫኑት እንደሚሰበረው ነው፤ ሳይጎብጥና ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ይላል። መጥፎው ግን በአሸዋ ላይ እንደሚጎተት ሳጥን እየተንገጫገጨ ስለሚመጣ፣ ተኳሹ «አሁን ነው» ብሎ በኃይል ይስበውና ጥይቱን ወደ ጎን ይጥለዋል።

ባለ አንድ ደረጃና ባለ ሁለት ደረጃ የሚባሉት ልዩነታቸው ከዚህ ይመጣል። ባለ ሁለት ደረጃው ባዶው ጉዞ ሆን ተብሎ እንዲኖረው የተደረገ ነው፦ ጣት በቀላሉ ይጓዝና ግድግዳ የመሰለ ነገር ላይ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ጥቂት ግፊት ሲጨመር ይለቃል። እንደ ማውዘር ያሉ የድሮ ወታደራዊ ጠመንጃዎችን የያዘ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ባለ አንድ ደረጃው ግን ጣት እንደ ነካው ግድግዳው ላይ ነው። ቆመው ወይም ተንበርክከው የሚተኩሱ ሰዎች ባለ ሁለት ደረጃውን የሚመርጡት፣ ጠመንጃው እየተወዛወዘ ሳለ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው መጠበቅ ስለሚችሉ ነው። በሆዱ ተኝቶ በመደገፊያ ለሚተኩስ ሰው ባለ አንድ ደረጃው ይበቃል፤ የኔ ምርጫ ግን ለጀማሪ ምንጊዜም ባለ ሁለት ደረጃው ነው።

ክብደትን በተመለከተ በመጀመሪያ የሚወዳደሩበትን ስፖርት ደንብ ያንብቡ። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ለ10 እና ለ50 ሜትር ጠመንጃ ዝቅተኛ የምላጭ ክብደት አልተወሰነም፤ ለ300 ሜትር ስታንዳርድ ጠመንጃ ግን 1,500 ግራም ነው። በሌላ በኩል ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው የሚተኩሱ ተወዳዳሪዎች 60 ግራም እንኳ የማይሞላ ምላጭ ይጠቀማሉ። እነዚያ ቁጥሮች በካታሎግ ላይ ሲታዩ ያጓጓሉ። እኔም ጓጉቼ ምላጬን ወደ 300 ግራም ገደማ አውርጄው ነበር። አንድ ብርዳማ ማለዳ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ ገና በመነጽሩ ውስጥ ዒላማውን እየፈለግሁ ሳለ ጠመንጃው ተኮሰ፤ ጥይቱ ከፊቴ ባለው የአፈር ክምር ውስጥ ገባ፣ ተቆጣጣሪውም ዕለቱን ሙሉ ከመስመሩ አስወጣኝ። ማንም አልተጎዳም፤ ያም የሆነው አፈሙዙ ወደ ዒላማው አቅጣጫ ስለ ነበር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለጀማሪ ከ700 እስከ 1,000 ግራም ያለውን እመክራለሁ፣ ጓንት ለሚያደርግ ደግሞ ከዚያም ከፍ ያለውን።

ምርጫውን ከሁሉ በላይ የሚያጠበው የጠመንጃው ዓይነት ነው። ብዙ ምትክ ምላጮች የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ ለወጣው፣ የአሜሪካው ሬሚንግተን ኩባንያ ለሠራው የሬሚንግተን 700 ቦልት ጠመንጃ ልክ ሲሆን፣ በኋላ የመጡ ብዙ የውድድር ጠመንጃ አካላትም (ቦልቱና ምላጩ የሚገጠሙበት ክፍል) የርሱን የመግጠሚያ ቀዳዳ ስለተከተሉ አንዱ ምላጭ ለብዙዎቹ ይሆናል። ሲያዝዙ ግን የጥንቃቄ ቁልፉ ከምላጩ ጋር ይመጣ እንደሆነ፣ የቦልት መልቀቂያው ምላጩ ላይ ይሁን አካሉ ላይ፣ ጠመንጃው የግራ እጅ ይሁን የቀኝ ይለዩ። ከምላጭ አምራቾች የአሜሪካው ቲምኒ የቆየ ስም አለው፤ የካናዳው ትሪገርቴክ በሚፋተጉት ጥርሶች መካከል ትንሽ ተንከባላይ ዘንግ በማስገባት መንሸራተቱን የሚያስቀር ሥሪት አለው። እንደ ጀርመኑ አንሹትዝ ያለ ለውድድር የተሠራ ጠመንጃ የገዛ ሰው ግን ከፋብሪካው የሚመጣው ምላጭ በቂ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ገንዘቡን ለጥይት ቢያውለው ይሻለዋል።

ነፋሷ ተቆጥሮ ተርባይን በተተከለባት ከተማ የምኖር ሰው ስለ አቧራ ሳልናገር አላልፍም። የባጃጅ ጎማ ያስነሣው ዱቄት በር ዘግቶ የሚሠራ ሰው መሣሪያ ላይ ሳይቀር ያርፋል፤ በዘይት ላይ ሲያርፍ ደግሞ የማሾያ ድንጋይ ፍቅፋቂ ይመስል ብረቱን የሚበላ ጭቃ ይሆናል። በምላጭ ውስጥ ጥርሶቹ የሚያያዙበት ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ፣ ትንሽ ጭቃ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ሳይይዝ እንዲቆም ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በደረቅና አቧራማ ቦታ ለሚተኩስ ሰው በጣም ከቀለለው ይልቅ ጥርሱ ጠለቅ ብሎ የሚይዘውን፣ ሣጥኑም የተሸፈነውን ይምረጡ፤ አምራቹ ካላዘዘ በስተቀርም ዘይት አይቀቡት።

ሻጩ የጻፈውን ክብደት ሳያምኑ በቤትዎ መለካት ይችላሉ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፣ ጥይት በሙሉ ከሚሠሩበት ክፍል ያውጡ፣ አቀባብለው አፈሙዙን ወደ ላይ ያቁሙት። ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠንካራ ክር ያስሩና ጫፉ ላይ የአንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ያንጠልጥሉ። ግማሽ ያህል ሞልተው ይጀምሩና እስኪለቅ ድረስ በክዳኑ እየሰፈሩ ውሃ ይጨምሩ፤ ከዚያ ፕላስቲኩን ከነውሃው በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑ። ይህንን ዐሥር ጊዜ ይድገሙ። ዐሥሩ ልኬቶች በ20 ወይም በ30 ግራም ልዩነት ውስጥ ከተቀራረቡ ምላጩ ጥሩ ነው። አንዱ 600፣ ሌላው 800 ካለ ግን ማስተካከያውን ከመንካት በፊት ቆሻሻ ወይም የላላ ብሎን ይፈልጉ።

ከመተኮስ በፊት ሌላም ፈተና አለ፣ ይህም በባዶ ጠመንጃ ነው። ቦልቱን ከወትሮው በበለጠ ኃይል ደጋግመው ይዝጉት። ሰደፉን በጎማ መዶሻ ይምቱት። የጥንቃቄ ቁልፉን ዘግተው ምላጩን አጥብቀው ይሳቡ፣ ጣትዎን ያንሡ፣ ከዚያ ቁልፉን ይክፈቱ። በእነዚህ በአንዱ እንኳ መርፌው አንዴ ከወደቀ ምላጩ ተፈትቶ ወደ ሻጩ ይመለስ። ይህ ከመጠን በላይ መጠንቀቅ ለሚመስለው ሰው፣ ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ2014 ኤክስ ማርክ ፕሮ የተባለውን ምላጩን ከገዢዎች እንዲመለስለት የጠራው ሲገጣጠም በበዛ ማጣበቂያ ምክንያት ጠመንጃው ሳይታሰብ ሊተኩስ ስለሚችል መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

የፋብሪካውን ምላጭ በሞረድ ላስተካክለው የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። የባጃጅ ጊር ጥርስ ሲቆረጥ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለ ብረት ብዙ ጊዜ የጠነከረው ላዩ ብቻ ነው፤ ቆዳው ከተላጠ ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ በአጭር ጊዜ ይበላል። የምላጭ ጥርስም እንዲሁ ዛሬ የለሰለሰ መስሎ ከወራት በኋላ መያዙን ሊተው ይችላል። በአገር ውስጥ ደግሞ መሣሪያ መያዝም መጠገንም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት ፖሊስ ዘንድ ቀርበው ይጠይቁ።

ገጥመው ሲጨርሱ በእያንዳንዱ ማስተካከያ ብሎን ራስና በሣጥኑ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ያስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ስለሆነ፣ የውሃ ፕላስቲኩን እንደገና ያንጠልጥሉ።