ለትንሽ የዶሮ ቤት ቆጥና የኩስ መቀበያ ጣውላ እንዴት ይሠራል?

ዶሮ ከሃያ አራቱ ሰዓት ግማሽ ያህሉን የምታሳልፈው ቆጥ ላይ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ትወጣለች፤ እስኪነጋም ድረስ ከያዘችው ቦታ እምብዛም አትነቃነቅም። በዚህ የተነሳ የሌሊቱ ኩስ ከሥሯ በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ መስመር በታች ጣውላ ከተዘረጋ ኩሱ ከወለሉ ጉዝጓዝ ጋር ሳይቀላቀል ጠዋት በጥቂት ደቂቃ ተፍቆ ይወጣል፤ ጉዝጓዙ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ ሽታው ይቀንሳል፣ ዶሮዎቹም ሲጭሩ የሚውሉት ንጹሕ ወለል ላይ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ግን ቆጡን አስቀድሞ ይሠራና ጣውላውን በኋላ እንደምንም ከሥሩ ለማስገባት ይሞክራል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል ባይ ነኝ። በመጀመሪያ ጠዋት መፋቂያ ይዞ የሚገባው እጅ እስከ የት እንደሚደርስ ይታወቅ፤ ጣውላው በዚያ ልክ ይቀመጥ፤ ቆጡ ከጣውላው ተነስቶ ይለካ። ለማጽዳት የሚያስቸግር ጣውላ ብዙ ሳይቆይ መጽዳቱ ይቀራል፤ ያልጸዳ ጣውላ ደግሞ ኩሱን ወደ ዶሮዎቹ እግርና አፍንጫ ስለሚያቀርብ ከነጭራሹ ባይኖር ይመረጣል።

ልክ ማውጣት

የቆጡ ርዝመት የሚወሰነው በዶሮዎቹ ብዛትና ግዝፈት ነው። መካከለኛ ዝርያ ለሆነች አንዲት ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ለግዙፍ ዝርያ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ለድንክ ዝርያ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያወጣው መመሪያ ለአንዲት ዶሮ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ቆጥ እንዲኖር፣ በሁለት ቆጦች መካከል ቢያንስ 30፣ በቆጥና በግድግዳ መካከል ደግሞ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ክፍተት እንዲተው ያዝዛል። ይህ ለትልልቅ የንግድ እርባታዎች የተቀመጠ ዝቅተኛ ወሰን ስለሆነ፣ ጥቂት ዶሮ የሚያረባ ሰው ርዝመቱን በዚያ ልክ ሊያጠብበው አይገባም። እርግጥ ነው፣ በብርድ ሌሊት ዶሮዎች ተጠጋግተው የቆጡን ግማሽ ባዶ ሊተዉት ይችላሉ፤ በሙቀት ጊዜ ግን ክንፋቸውን ከገላቸው አላቅቀው ስለሚያድሩ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ታስፈልጋለች።

ከፍታውን በተመለከተ፣ የቤት ዶሮ ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የዱር ዶሮ የተገኘች መሆኗን ማስታወስ ይበጃል። ያ የዱር ዶሮ ሌሊቱን ዛፍ ላይ ያድራል። የቤቷም ዶሮ እስከ ዛሬ ድረስ ቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ ለማደሪያ ትመርጣለች። ስለዚህ የእንቁላል መጣያ ሳጥኑ ከቆጡ ከፍ ብሎ ወይም እኩል ሆኖ ከተሠራ ዶሮዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ወይም ክዳኑ ላይ ያድራሉ፤ ጠዋትም እንቁላሉ ኩስ ተለውሶ ይገኛል። ቆጡ ከሳጥኑ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይህ ጣጣ ይቀራል።

ቆጡን ደረጃ በደረጃ እንደ መሰላል ከፍ እያደረጉ መሥራት የተለመደ ቢሆንም ለትንሽ ቤት አልመክረውም። ሁሉም የላይኛውን ስለሚፈልጉ ማታ ማታ መገፋፋትና መነካከስ ይበዛል፤ በዝቅተኛ ማዕረግ ያሉት ከታች ሲያድሩ ደግሞ የላይኞቹ ኩስ ጀርባቸው ላይ ይወርዳል። ሁለት ቆጥ የግድ ካስፈለገ ሁለቱም በአንድ ከፍታ፣ በመካከላቸው ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ይተከሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወርዱ 150፣ ጥልቀቱ 120 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቤት ውስጥ ስድስት መካከለኛ ዶሮዎች ይኖራሉ እንበል። ቆጡ በወርዱ አቅጣጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዘረጋ ለእያንዳንዷ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳታል። ከኋላው ግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የጣውላው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ከቆጡ በስተኋላ 30፣ በስተፊት 30 ማለት ነው። የተቀመጠች ዶሮ ጅራቷ ወደ ኋላ ስለሚዘረጋና አንዳንዷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስለምታድር፣ ጣውላው በሁለቱም በኩል ይህን ያህል መውጣቱ ብክነት አይደለም። ደግሞም 60 ሴንቲ ሜትር የሰው እጅ ሳይጨነቅ የሚደርስበት ርቀት ነው። ጣውላው ከወለሉ 60፣ ቆጡ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ያለው 20 ሴንቲ ሜትር መፋቂያው ከነእጁ እንዲያልፍ ይበቃል። ከቆጡ በላይ እስከ ጣሪያው ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ከጣውላው በታች ያለው ወለል ነጻ ስለሆነ ዶሮዎቹ ይጭሩበታል፣ መኖ ማቅረቢያውም ኩስ ሳይወርድበት እዚያ ሊቀመጥ ይችላል።

ዶሮዎቹ ከባድ ዝርያ ከሆኑ ግን ሁሉም ነገር ዝቅ ይበል፤ ጣውላው 35፣ ቆጡ 55 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ መጣያ ሳጥኑም ከወለሉ እምብዛም ከፍ አይበል። ከባድ ዶሮ ከከፍታ በዘለለች ቁጥር መዳፏ ይጎዳል፤ በተጎዳው በኩል ቆሻሻ ሲገባም ያብጥና ይመግላል። ለዚሁ ሲባል ከቆጡ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ወለል ቢያንስ የከፍታውን ያህል መሆን አለበት። ቦታው ከጠበበ መርገጫ የተመታበት መወጣጫ ጣውላ ከ45 ዲግሪ ባነሰ ዘንበል ማለት ይደገፋል።

የቆጡ እንጨት

ለቆጥ ከእንጨት የሚሻል አላገኘሁም። ብረት በብርድ ይቀዘቅዛል፣ በሙቀት ይግላል፤ የፕላስቲክ ቱቦ ያንሸራትታል። ወርዱ ከ5 እስከ 7፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሞራሌ ተቆርጦ ሰፊው ገጹ ወደ ላይ ይደረጋል። ዶሮዋ በሰፊው ገጽ ላይ ስትቀመጥ ጣቶቿ በሆዷ ላባ ሥር ይሸፈናሉ፤ ውርጭ በሚወርድበት አገር ይህ ጣቶቿን ከመቆርፈድ ያድናል። ድቡልቡል እንጨት የሚመርጥ ሰው ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ልጡ የተላጠ እንጨት ይጠቀም። ልጡ ያልተነሳለት እንጨት ተባይ መደበቂያ ከመሆን አያልፍም።

የላይኛዎቹ ሁለት ጠርዞች በመላጊያ ክብ ይደረጉና ሙሉው ዘንግ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፤ ሲጨርሱም በቀጭን ጨርቅ ዳብሶ የሚይዝ ሰንጣራ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ሹል ጠርዝ የእግር መዳፍን ከማቁሰሉም በላይ፣ ዶሮዋ ስትተኛ ክብደቷን የምታሳርፍበትን የደረት አጥንት ያጣምማል። ዘንጉ ከ180 ሴንቲ ሜትር ከረዘመ መሐሉ ላይ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ጣውላውና አተካከሉ

ለጣውላው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላይውድ ይበቃል። ጥሬ እንጨት የኩሱን እርጥበት ስለሚመጥ ገጹና ጠርዙ ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም ይቀባ፤ ወይም ገጹ ላይ ለስላሳ የፕላስቲክ ምንጣፍ ወይም ላሜራ ይለበጥ። በሦስቱ ጎን 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክፈፍ ይመታል፤ የማጽጃው በር ያለበት አራተኛው ጎን ግን ክፍት ይተዋል። የማጽጃው በር የታችኛው ጠርዝ ከጣውላው ገጽ ጋር እኩል ከሆነ ኩሱ እየተጎተተ በቀጥታ ወደ ባልዲ ይወርዳል። ይህች ትንሽ ነገር የጠዋቱን ሥራ በግማሽ ታቀልላለች።

ጣውላው በምስማር አይመታ፤ በግድግዳው ግራና ቀኝ በተመቱ ሁለት ተሸካሚ እንጨቶች ላይ ተቀምጦ እንደ መሳቢያ የሚወጣና የሚገባ ይሁን። ቆጡም እንዲሁ። በሁለቱ ጫፍ ግድግዳው ላይ ከላይ ክፍት የሆነ መያዣ በብሎን ይታሰራል፤ ቆጡ እዚያ ውስጥ ሳይወላወል ይቀመጣል፣ ሲፈለግም በሁለት እጅ ተነስቶ ይወጣል።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ስለ ቀይ ቅንቅን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላው ይህ ተባይ ዶሮዋ ላይ አይኖርም፤ ቀኑን በእንጨት ስንጥቅና በመገጣጠሚያ ውስጥ ተደብቆ ውሎ ሌሊት ይወጣና ደሟን ይመጥጣል። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ ጉልምስና አንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ይፈጅበታል፤ ሳይመገብም ወራት ሊቆይ ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰፍረው የቆጡ ጫፍ ግድግዳውን በሚነካበት ቦታ ነው። በምስማር የተመታ ቆጥ ያንን ቦታ ለዘለቄታው ይሸፍንለታል፤ የሚነሳ ቆጥ ግን ይገልጠዋል። ቆጡ ሲነሳ መያዣው ውስጥ ግራጫ አመድ የሚመስል ብናኝ ከታየ፣ ወይም ሌሊት በነጭ ወረቀት የቆጡ ሥር ሲጠረግ ቀይ ጭረት ከወጣ ቅንቅን ገብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቆጡ ወደ ውጭ ወጥቶ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፣ መያዣዎቹም ተፍቀው ይታጠባሉ፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል።

አንዳንዶች ዶሮዎቹ ጣውላውን እንዳይረግጡ በቆጡና በጣውላው መካከል ሽቦ ወንፊት ይዘረጋሉ። ለብዙ ዶሮ ይጠቅም ይሆናል፤ በትንሽ ቤት ግን ወንፊቱ ራሱ የሚፋቅ ሌላ ዕቃ ስለሚሆን በየቀኑ ማጽዳት ይሻላል።

የንፋስ ነገር

ቆጡ ከበሩ ራቅ ባለው ግድግዳ በኩል ይሁን። የአየር መውጫ ቀዳዳዎች ከዶሮዎቹ ራስ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ይከፈታሉ፤ እርጥበትና አሞኒያ (ከኩስ የሚነሳው ዓይን የሚቆጠቁጥ ጋዝ) በዚያ ይወጣል፣ ንፋሱ ግን ዶሮዎቹን በቀጥታ አይመታም። ነፋሻ በሆነ ምሽት በቆጡ ከፍታ ላይ ቀጭን የወረቀት ሰቅ ቢንጠለጠል ችግሩ ወዲያው ይታወቃል፤ ወረቀቱ ከተርገበገበ በዚያ ከፍታ ያለ ቀዳዳ ይደፈን።

ጣውላው ላይ ምን ይነስነስ?

ባዶ ጣውላ በየጠዋቱ ከተፋቀ ምንም አይጎድለውም። ሰጋቱራ በስሱ ከተነሰነሰ ኩሱ አይጣበቅም፣ ከነሰጋቱራውም ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይገባል። ደረቅ አሸዋ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነስንሶ ኩሱን በወንፊት ማንሳትም ይቻላል፤ ጣውላው ግን ክብደቱን መሸከም አለበት፣ ከኩሱ ጋር የሚወጣውም አሸዋ ለብስባሽ አይጠቅምም። አመድና ኖራ ሽታ ያጠፋሉ ተብሎ ብዙ ጊዜ ይመከራል። ይህ ግን በእርጥብ ኩስ ላይ ተቃራኒ ውጤት አለው፤ አመድና ኖራ የአልካሊነት ጠባይ ስላላቸው በኩሱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ እንዲተን ያፋጥናሉ። ሽታን የሚያጠፋው በየቀኑ መፋቅና ማድረቅ ነው። ማለዳ በሩ ሲከፈት፣ ጎንበስ ብሎ በዶሮዎቹ ራስ ከፍታ ሲሸተት ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሲተነፍሱ አድረዋል ማለት ነው።

ጠዋት የሚታየው

አዲስ ኩስ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ ከመድረቁ በፊት ማለዳ መፋቅ ይቀላል። ደርቆ ካገኙት ግን በትንሽ ውሃ ማርጠብ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን ይገባል፤ ብናኙ ሳምባ አይወድም። ሲጨርሱ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ኩስ ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ከመፋቁ በፊት ጣውላውን አንድ አፍታ ማየት ጥሩ ነው። ጤናማ ኩስ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አለው፤ ነጩ የዶሮ ሽንት ነው። በየመካከሉ የሚታየው ልጥፍጥፍ ያለ፣ ከሌላው ይልቅ የሚከረፋ ቡናማ ኩስ ዕውር አንጀት ከሚባለው የአንጀት ክፍል የሚወጣ ስለሆነ አያስደነግጥም። ደም ከታየ፣ በተለይ በቄቦች ላይ፣ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው በጥገኛ ተህዋስ የሚመጣ የአንጀት በሽታ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ። ቅርፊት የሌለው እንቁላል ፈሶ ከተገኘ የካልሲየም እጥረት መኖር አለመኖሩ ይታይ። ከቆጡ ሥር ዘወትር ኩስ የሚገኝበት ቦታ አንድ ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ከታየም በዚያ የምታድረው ዶሮ የት እንዳደረች መፈለግ ነው። የተፋቀው ኩስ ትኩስነቱ ሥር ስለሚያቃጥል በቀጥታ ለአትክልት አይሰጥም፤ ከደረቅ ቅጠል ወይም ከገለባ ጋር ለወራት በስብሶ ነው የሚወጣው።

አዲሱን ቆጥ ማለማመድ

ቄቦች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆናቸው አብዛኛዎቹ በራሳቸው መውጣት ይጀምራሉ። ወለል ላይ ወይም መጣያ ሳጥን ውስጥ ማደር የለመዱ ካሉ፣ ከጨለመ በኋላ አንድ በአንድ እያነሱ ቆጡ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ በጨለማ አጥርተው ስለማያዩ ተመልሰው አይወርዱም። ይህን በተከታታይ ለጥቂት ምሽቶች ማድረግ፣ የመጣያ ሳጥኑንም አፍ ከምሽት በፊት ዘግቶ ማለዳ መክፈት ነው። ከዚህ በኋላም አንዲት ዶሮ ብቻዋን ወለል ላይ ማደሯን ካላቆመች ልማድ ነው ብሎ ከመተው በፊት የእግሯ መዳፍ ይታይ፤ ቆጡ ከፍ ብሎባት ሊሆን ስለሚችልም መያዣውን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ፣ ጣውላውንም አብሮ አውርዶ መሞከር ይገባል።