ታወሩን የሚያደክሙ የትንንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች ስህተቶች

በትንሽ አውሮፕላን ከሰንዳፋ ወይም ከዱከም በኩል ወደ ቦሌ የሚመጣ ሰው ሰማዩን እንደ 777 እና ኤ350 ካሉ ትልልቅ ጄቶች ጋር ይጋራል። ሁሉም የሚነጋገሩበትን የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲውንም እንደዚያው። ሁለት ሰው እኩል የመናገሪያውን ቁልፍ ከተጫነ ማንም በቅጡ አይሰማም። ስለዚህ ታወሩ (የበረራ መቆጣጠሪያው ማማ) ላይ ያለውን ተቆጣጣሪ በጣም የሚያጥረው የሬዲዮ ጊዜ ነው።

ሳያስቡ ቁልፉን መጫን። «እ... ታወር... እ...» እያሉ ማሰብ የሌላውን ተራ መብላት ነው። መጀመሪያ ያዳምጡ። ከዚያ ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ከፍታዎንና የሚፈልጉትን በአንድ ትንፋሽ ይንገሩ። ሰላምታችን ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አንድ ቃል ይበቃል።

የሰፈር ስም ብቻ መጥራት። «ለገጣፎ ላይ ነኝ» ለታክሲ ይሆናል። ለታወር ከቦሌ በየት አቅጣጫ፣ ስንት ማይል እንደሆነ ይጨምሩ።

ሁሉንም በ«ሮጀር» («ሰምቻለሁ») ማለፍ። መንደርደሪያውን፣ ከፍታውን፣ አቅጣጫውን፣ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) ኮዱንና የአልቲሜትሩን (የከፍታ መለኪያውን) የአየር ግፊት ልክ መልሰው ይድገሙ። አልቲሜትሩ ላይ የ10 ሄክቶፓስካል ስህተት ወደ 300 ጫማ የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት ያመጣል። ካልደገሙ ተቆጣጣሪው እንደገና መጠየቁ አይቀርም።

የማይችሉትን «እሺ» ማለት። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,600 ጫማ ወይም ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ እያለ ከ10,000 ጫማ በላይ ያለ ያህል አቅም ያጣል። ከኋላ ጄት ስላለ ተቆጣጣሪው ቶሎ ከፍ እንዲሉ ሊጠይቅ ይችላል። አብራሪው ይሉኝታ ይይዘውና «እሺ» ይላል። ከዚያ እየተንፏቀቀ ይወጣል። ተቆጣጣሪው ግን ያንን «እሺ» አምኖ ጄቱን ለቆታል። አሁን ጄቱን ማዞር፣ ሌላውን ማስጠበቅ፣ ያሰበውን ሁሉ አፍርሶ መጀመር ሊኖርበት ነው። በሬዲዮው ቋንቋ «አንኤብል» («አልችልም») ቢሉት ኖሮ ወዲያው ሌላ መላ ይፈልግ ነበር። ማንም አይቀየምዎትም።

ሰዓት ማምታታት። የበረራ ፕላን የሚሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያ 06:00 ይባላል። የታወር ቁጥጥር ያለበት በረራ ከ30 ደቂቃ በላይ ከዘገየም ማሳወቅ ግድ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ እንዳያስቸግር ብሎ ችግሩን ይደብቃል። የረር አካባቢ ደመና ቢዘጋብዎ ወይም መንገዱ ቢጠፋብዎ ነዳጁ ሳያንስ ቶሎ ይናገሩ። ችግሩ ቀድሞ ከተነገረ ተቆጣጣሪው አቅጣጫ በመስጠት ብቻ ሊፈታው ይችላል። ዘግይቶ ሲነገር ሰማዩን ሁሉ ለእርስዎ ማስለቀቅ ይመጣል። ሬዲዮው ዝም ካለ ትራንስፖንደሩን 7600 ላይ ያድርጉ፤ አደጋ ከሆነ 7700።