ትኩስ ቸኮሌት ለብርድ ወራት፦ የትኛው ቅመም መቼ ይግባ?

ኮረሪማ፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ብርቱካን፣ ናና፣ ቡና፣ ሁሉም ከቸኮሌት ጋር ይስማማሉ። ጣዕሙ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቅመሙ ያለ ሰዓቱ ሲገባ ነው። አንዱ ከወተቱ ጋር አብሮ መሞቅ አለበት፣ ሌላው ቀድሞ በውሃ መፍላት ይፈልጋል፣ እሳት ጨርሶ የማይወድም አለ። መጀመሪያ ግን መሠረቱ በደንብ ይሠራ።

ለሁለት ትልልቅ ኩባያ ግማሽ ሊትር ቅባቱ ያልወጣለት ወተት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ያልገባበት የካካዎ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ ካካዎ ያለው 50 ግራም ጥቁር ቸኮሌትና ቁንጥር ጨው ያዘጋጁ። ጨውዋን አይተዉአት፤ ምሬቱን የምታለዝበው እሷ ናት። ዱቄቱን ሲገዙ ከጀርባው ያለውን ዝርዝር ያንብቡ፤ ስኳር በመጀመሪያ ከተጻፈ የተዘጋጀ መጠጥ እንጂ ንጹሕ ካካዎ አይደለም።

ቂጡ ወፍራም በሆነ ትንሽ ድስት ካካዎውንና ስኳሩን በደረቁ ያዋሕዱ። የስኳሩ ቅንጣት መሐል ለመሐል ስለሚገባ ካካዎው አይጓጉልም። 4 የሾርባ ማንኪያ ፍል ውሃ ጨምረው ለስላሳ እስኪሆን ያሹት፤ ከዚያ በዝግታ እሳት ላይ እያማሰሉ ለአንድ ደቂቃ ያንተክትኩት። ካካዎ እንደ ስኳር አይሟሟም፣ ደቃቅ ቅንጣቱ በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፎ ነው የሚቆየው። ይህች አንድ ደቂቃ ቅንጣቱን ታርሰዋለች፣ በውስጡ ያለውንም ስታርች ታሳብጠዋለች። ከተዘለለች ዱቄቱ ከኩባያው ሥር ይዘቅጣል።

አሁን ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ ጨምረው ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ እስኪያወጣ ያሙቁ። እንዳይፈላ፤ ከፈላ ስልባቦት ያወጣል፣ ከሥሩም ያራል። ከእሳት አውርደው የተከታተፈውን ቸኮሌትና ጨውን ይጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ይታገሡ፣ ከዚያ በእንቁላል መምቻ ይምቱት። ቸኮሌቱን ለብቻው አቅልጦ ጥቂት ወተት ጠብ ማድረግ ግን ያደርቀዋል፤ እንዲህ ከሆነ ትኩስ ወተት በብዛት ሲጨመርበት ተመልሶ ይፈታል። ወተቱ ከገበሬ የመጣ ጥሬ ከሆነ አስቀድሞ ለብቻው መፍላት አለበት።

ኮረሪማ ለዚህ መጠጥ ከሁሉም የተሻለ ቅመም ነው ብለን እናምናለን። ከአንድ ፍሬ ውስጥ 10 ያህል ዘር አውጥተው በሙቀጫ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያድርጉ፤ ከደቀቀ መጠጡን ያሻክረዋል። ወተቱን ወደ ካካዎው ከመጨመርዎ በፊት ዘሩን ነክረውበት ያሙቁት፣ ከድነው 10 ደቂቃ ያቆዩትና ያጥሉት። ቀረፋም እንዲሁ ነው፦ አንድ ስንጥር፣ 10 ደቂቃ። የተፈጨ ቀረፋ ፈሳሽ ሲነካው ስለሚያሙለጨልጭ ከላይ ለመነስነስ ብቻ ይጠቅማል። ቅርንፉድ ከተፈለገ 2 ፍሬ ይበቃል፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይውጣ፣ አለበለዚያ ቸኮሌቱን ይውጠዋል።

ዝንጅብል ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ጥሬ ዝንጅብል ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ስላለው ትኩስ ወተት ውስጥ ሲገባ ወተቱን እንደ አይብ ይለየዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ልጠውና ከትፈው በግማሽ ኩባያ ውሃ ለ5 ደቂቃ ያፍሉ፤ ኢንዛይሙ በፍላቱ ይሞታል። ከዚያ ካካዎውን የሚያሹበት 4 ማንኪያ ውሃ ይኸው የዝንጅብሉ ይሁን።

ብርቱካንም ወተት ይለያል፣ ጥፋቱ ግን የጭማቂው ኮምጣጣነት ነው። ስለዚህ ልጣጩን ብቻ ይጠቀሙ፦ ነጩን ክፍል ሳይነኩ 2 ረጃጅም ቁራጭ ላጥ ያድርጉ፣ በወተቱ 10 ደቂቃ ይንከሩ። ነጩ መራራ ነው።

ቡና ለሚወድ፣ በፍል ውሃው ፈንታ 4 ማንኪያ አቦል። ቡናው ራሱ ብዙም ሳይሰማ የቸኮሌቱን ጣዕም ያጎላዋል።

ካካዎን ከሚያቃጥል ቃሪያ ጋር መጠጣት በሜክሲኮ የቆየ ልማድ ነው። እኛ ቤት ሚጥሚጣ አለ፤ በቢላዋ ጫፍ የምትነሣ ያህል ለሁለት ኩባያ ትበቃለች። ብዙውን ጊዜ ጨውና ኮረሪማ ስላለባት ሌላ ጨው አይጨምሩ። በርበሬ ግን ነጭ ሽንኩርት ስለሚገባበት አይሆንም። ማቃጠሉ ዘግይቶ ስለሚመጣ ቀምሰው ሁለት ደቂቃ ሳይጠብቁ አይድገሙ።

ናናና ማር እሳት አይፈልጉም። 10 የናና ቅጠል ከእሳት በወረደ ወተት ውስጥ 5 ደቂቃ ይቆይ፤ ከፈላ ሣር ሣር ይላል። ማር በስኳሩ ፈንታ ከሆነ፣ መዓዛው እንዳይጠፋ መጨረሻ ላይ ከቸኮሌቱ በኋላ ይግባ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ላሉ ጾመኞች የብርዱ መጀመሪያ ኅዳር 15 ከሚገባው የገና ጾም ጋር ይገጥማል። በዚህ ጊዜ የአጃ ወተት እንመርጣለን፤ እንዳይፈላ ብቻ ይጠንቀቁ፣ ሲፈላ ያሙለጨልጫል። የኮኮናት ወተት ከሆነ በእኩል ውሃ ይቅጠን። የአኩሪ አተር ወተት ከቡና ጋር ሊለያይ ስለሚችል ከቀረፋ ጋር ይሻላል። ጥቁር የተባለ ቸኮሌትም አንዳንዴ የወተት ዱቄት ስለሚኖረው ዝርዝሩን ይዩ።

የተረፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል። ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ጥቂት ወተት ጨምረው በዝግታ እሳት እየመቱ ያሙቁት።