የአፈሙዝ ፍሬንን በጠመንጃ ላይ አጥብቆ መግጠም

የአፈሙዝ ፍሬን የጠመንጃን ርግጫ ለመቀነስ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ ዕቃ ነው። በአሜሪካ ለአደን ከሚያገለግሉ ጠመንጃዎች መካከል ብዙዎቹ ባለ 308 ካሊበሮች (ካሊበር የጥይት ወርድ መጠሪያ ነው) ጥርስ የወጣለት የአፈሙዛቸው ጫፍ ውፍረቱ 5/8 ኢንች ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 24 ጥርስ አለው። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ባለ 6.5 ክሪድሙር ጠመንጃም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ጥርስ ስለሚጠቀም፣ ለእርሱ የተሠራ ፍሬን በ308 ላይ ያለ ችግር ይጠመዘዛል፤ ነገር ግን የ308 ጥይት ወርድ 7.82 ሚሊ ሜትር፣ የ6.5ቱ ደግሞ 6.71 ብቻ በመሆኑ፣ ጥይቱ ፍሬኑን መትቶ ሊበጣጥሰው ይችላል። ስለዚህ ጥርሱ ገጠመ ብላችሁ አትመኑ፤ በፍሬኑ ላይ የተጻፈውን ካሊበር አንብቡ።

ከሁሉ በፊት ካዝናውን አውጡ፣ የጥይት መጉረሻው ባዶ መሆኑንም በዓይናችሁና በጣታችሁ አረጋግጡ። ጥርሱን ከዘይት አጽዱ። በሞርሳ የሚያዘው አፈሙዙ ራሱ ነው፤ አካሉን ይዞ ማጥበቅ መገጣጠሚያውን ያጣምማል።

የሚጨፈለቅ ሮንዴላ ፍሬኑን በጥቂቱ ሊያዘነብለው ስለሚችል፣ ለትክክለኛነት ለሚተኮስ ጠመንጃ እኔ አልመርጠውም፤ ፍሬኑ በቀጥታ በአፈሙዙ ትከሻ ላይ ቢያርፍ ይሻላል። የማጥበቂያውን ልክ ከአምራቹ መመሪያ ውሰዱ። ተራው ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ በተኩስ ሙቀት ይለቃልና፣ ሮክሴት የተባለውን ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ ተጠቅማችሁ አንድ ሌሊት አድርቁት። በመጨረሻም ቀጥ ያለ የመለኪያ ዘንግ በአፈሙዙ ውስጥ አሳልፋችሁ ከፍሬኑ ቀዳዳ መካከል መውጣቱን ሳታዩ አትተኩሱ፤ ፍሬኑ ድምፁን ወደ ተኳሹ ስለሚመልስም ጆሯችሁን ሸፍኑ።