ካርዱ 3ኛ፣ ሚኒስትሪው 43፦ በልጆቻችን ፈተና ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ውስጥ ማታ ማታ ልጆች ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር የማትቀር አንዲት አቤቱታ አለች። «ቲቸር፣ ልጄ ከክፍሉ 3ኛ ነው የወጣው። ሚኒስትሪ ላይ እንዴት 43 ያመጣል? ወረቀቱ ተቀያይሮ ነው!» እኔ ያስጠናኋቸው ልጆች ግን 43ቱ የራሳቸው ነበር። የተሳሳትነው ካርዱን ስናነብ ነው።

ደረጃን እንደ እውቀት መቁጠር

ደረጃ የሚነግረን ልጁን ከክፍሉ ስንት ሰው እንደበለጠው ብቻ ነው። ክፍሉ በሙሉ ማካፈል ባይችል እንኳ 1ኛ የሚወጣ አይጠፋም። በዚያ ላይ ካርዱ ውስጥ የደብተር፣ የቤት ሥራና የቡድን ሥራ ማርክ አለ። የቡድን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ እናውቃለን፤ አንዷ ትሠራለች፣ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። እኔም ክፍል ውስጥ ሳስተምር «አይዞህ» ለማለት ያህል ማርክ ጨምሬ አውቃለሁ። ስለዚህ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት ይልቅ ታርመው የተመለሱትን የፈተና ወረቀቶች አስመጥታችሁ እዩ። ኤክስ የበዛበት ምዕራፍ ከደረጃው የበለጠ ይናገራል።

50ን የግማሽ እውቀት ማድረግ

ይህቺን ሒሳብ ለወላጆች ስሠራላቸው ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። አራት ምርጫ ባለው ፈተና አንዲት ቃል ያላነበበ ልጅ እንኳ በግምት ብቻ ከ100 ወደ 25 ያመጣል። እንግዲህ ወደ 43ቱ እንመለስ። ልጁ በትክክል የሚያውቃቸው ጥያቄዎች 24 ቢሆኑ፣ ከቀሩት 76 ሩቡን፣ ማለትም 19ኙን፣ በግምት ይመታል። 24 ሲደመር 19፣ 43። «ለ50 ሰባት ብቻ ነው የቀረው» ብሎ መጽናናት እዚህ ላይ አይሠራም፤ የጎደለው ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ማንበቡን እንደ ተፈታ ጉዳይ ማለፍ

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል።

አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ «ከሚከተሉት ውስጥ አጥቢ ያልሆነው እንስሳ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ሰጥቼው «ላም» ላይ አከበበ። ያንኑ ጥያቄ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብለት፣ ምርጫዎቹን ሳልጨርስ «ዶሮ!» ብሎ ቀደመኝ። እውቀቱ ነበረው። የዋጣት «ያልሆነው» የምትለዋን ቃል ነው። ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ አራተኛው ምርጫ ላይ ሲደርስ ጥያቄው ምን እንደነበር ይረሳል። እኛ ደግሞ «ሳይንስ ይከብደዋል» ብለን የሳይንስ አስጠኚ እንቀጥራለን።

ቤት ውስጥ መሞከር ቀላል ነው። ልጁ አይቶት የማያውቀውን አንድ ገጽ ስጡት፤ የራሱን መጽሐፍ አትስጡት፣ በቃሉ ሊወጣው ይችላል። አንድ ደቂቃ ያንብብ። ከዚያ ዘግታችሁ «ምን ይላል?» በሉት። መልሱ ዝምታ ከሆነ ሌላው ጥናት ሁሉ ይቆይ።

የእኛ ከተማ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለባት። ልጁ ቤት አማርኛ፣ ሰፈር አፋን ኦሮሞ ያወራል፤ የሚማረው እንደ ትምህርት ቤቱ በአንዱ ይሆናል፤ እንግሊዝኛ ይጨመርበታል። በአፋን ኦሮሞ የሚማርን ልጅ በአማርኛ ሒሳብ አስጠንቼ፣ ፈተናው ላይ ቃላቱ እንግዳ ሲሆኑበት አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። አስጠኚ ስትይዙ ልጁ በሚፈተንበት ቋንቋ ማስረዳት ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

ቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ለምዶ እንግሊዝኛ የሚጀምር ልጅም አለ። በእንግሊዝኛ «ሲ» የምንላት ፊደል በቁቤ «ጭ» ናት፣ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»። ስለዚህ ድመትን «ካት» በማለት ፈንታ «ጨት» ብሎ ያነባል። ጅማ ላይ «ጫት» የሚመስል ነገር ክፍል ውስጥ ሲሰማ ሳቁን አስቡት! ልጁ ግን አልሰነፈም፤ የተማረውን ሕግ ነው በታማኝነት የተከተለው። ሁለቱ ቋንቋዎች መልኩ አንድ የሆነ ፊደል በተለያየ ድምፅ እንደሚያነቡ ጎን ለጎን ጽፎ ያሳየው ሰው ካለ በሳምንታት ይስተካከላል። የተሳቀበት ልጅ ግን ጮክ ብሎ ማንበቡን ጭራሽ ይተወዋል።

የቆየ ጥያቄ መሸምደድ

ያለፉ ዓመታትን ፈተና መሥራት ጥሩ ነው። ችግሩ «17ኛው ሐ ነው» ብሎ መያዙ ላይ ነው። ልጁን «ለምን ለ አልሆነም?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የሸመደደ ከሆነ እዚያው ይያዛል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በመግባቱ ደግሞ ፎቶኮፒ ቤት የሚሸጡት ከዚያ በፊት የነበሩ ጥያቄዎች ከዛሬው መጽሐፍ ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም።

የቡና ወቅት

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ወረዳዎች፣ ማና፣ ጎማ ወይም ሰቃ፣ ዘመድ ያለው ልጅ ለለቀማ ይጠራል፤ ሐሙስ ደግሞ ገበያ አለ። አትሂድ አልልም፤ ደብተርና ዩኒፎርሙም የሚገዛው ከዚያው ነው። ብቻ ሒሳብ አንዱ ምዕራፍ በሌላው ላይ የሚቆም ትምህርት ነው፤ ኅዳር ላይ ያለፈው ምዕራፍ ሰኔ ላይ ይጠየቃል። የቀረበትን ገጽ መምህሩን ጠይቁ፣ የጓደኛውን ደብተር አስመጡለት።

«ከጎበዝ አጠገብ አስቀምጡልኝ»

ልጁ ፈተና ላይ እንዲኮርጅ ይህን የሚጠይቅ ወላጅ አለ፤ እሺ የሚልም አይጠፋም። በ2014 የትምህርት ዘመን የነበሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ልጆችም የ8ኛ ክፍልን ሚኒስትሪ አልፈው የመጡ ናቸው።

መልስ መስጫውን አለመለማመድ

አንዲት ጎበዝ ልጅ 17ኛውን ጥያቄ «በኋላ እመለስበታለሁ» ብላ ዘለለችው፤ የ18ኛውን መልስ ግን 17ኛው ቦታ ላይ አጠቆረች። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ቀጠለች። ያወቀችው ጥያቄው አልቆ አንድ ባዶ ረድፍ ሲተርፋት ነው፤ ጊዜው አልቋል። አሁን ከእኔ ጋር የሚያጠኑ ልጆች በየአምስት ጥያቄው ቆም ብለው የጥያቄውንና የመልስ መስጫውን ቁጥር ያስተያያሉ። የዘለሉትን ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጉበታል፤ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ፣ የተሳሳተ መልስ ማርክ ስለማይቀንስ፣ ባዶ የቀረውን ሁሉ ያጠቁሩታል። ሁለት የተቀረጸ እርሳስና የማያቆሽሽ ላጲስ ከዋዜማው ቦርሳ ውስጥ ይገባል።