በሲ ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች እንዳይሸውዷችሁ

ሲ የምትባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ስትሳሳቱ ዝም ትላለች። ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል፣ ይሠራል፣ መልሱ ግን ሌላ ነው።

ማካፈል ላይ እንጀምር። 5ን ለ2 አካፍላችሁ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር መያዣ) ውስጥ ብታስቀምጡ የሚመጣው 2.5 ሳይሆን 2.0 ነው። ሁለቱም ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ስለሆኑ ሒሳቡ ፍሎቱ ጋ ከመድረሱ በፊት በኢንት አልቋል። አንዱን 5.0 ብላችሁ ጻፉት፣ በቃ። ቫሪያብል ከሆነ ካስት አድርጉት፣ ማለትም ወደ ፍሎት ቀይሩት፤ ግን ከማካፈሉ በፊት፣ አለዚያ ካስት የምታደርጉት የተቆረጠውን 2 ነው።

ከተጠቃሚው ቁጥር የሚቀበለው ስካንኤፍ (scanf) ደግሞ ደብል (እንደ ፍሎት ሆኖ ግን የበለጠ በልኩ የሚይዝ) ለመቀበል ፐርሰንት ኤልኤፍ (%lf) ይፈልጋል። ኤሏን ከረሳችሁ የምታገኙት ቁጥር ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የሚያምታታው፣ ቁጥር ስክሪን ላይ የሚያወጣው ፕሪንትኤፍ (printf) ላይ ፐርሰንት ኤፍ (%f) ለፍሎትም ለደብልም ይሠራል፣ ፍሎት ሲላክለት ራሱ ወደ ደብል ስለሚቀየር። የኮምፓይለሩን ዎርኒንግ አብሩት፣ ይሄን ይነግራችኋል።

ጽሑፍን ወደ ቁጥር በኤቶኤፍ (atof) መቀየርም ይቅርባችሁ። ተጠቃሚው 0 ቢጽፍም ስሙን ቢጽፍም 0 ይመልሳል። ያንኑ ሥራ የሚሠራው ስትርቱዲ (strtod) ግን የት ጋ ማንበብ እንዳቆመ ስለሚያሳይ ስህተቱን መያዝ ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው በባይናሪ፣ በ0 እና በ1 ብቻ ነው። 0.5 እና 0.25 በልካቸው ይቀመጣሉ፤ 0.1 ግን 1 ለ3 ሲካፈል 0.333 እያለ እንደሚቀጥለው ማለቂያ ስለሌለው የሆነ ቦታ ይቆረጣል። ፍሎት ውስጥ ሲገባ 0.10000000149 ገደማ ይሆናል። ደብል ውስጥ ስህተቱ በጣም ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ 0.1 የያዘ ፍሎት ከ0.1 ጋር እኩል ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አይደለም ነው፣ ኮዱ ላይ የተጻፈው 0.1 ደብል ነዋ! ደብል ውስጥ 0.1ን አሥር ጊዜ ብትደምሩም 0.9999999999999999 ነው የሚመጣው፣ እና 1.0 እስኪሆን የሚጠብቅ ሉፕ ዘላለም ሲዞር ይኖራል። እኩል ነው ወይ ከማለት ልዩነታቸውን የመቀነስ ምልክቱን በሚያጠፋው በፋብስ (fabs) ወስዳችሁ ከትንሽ ቁጥር ጋር አወዳድሩ። ያቺን ትንሽ ቁጥር እንደ ሒሳባችሁ ምረጡ፣ ለ1 የምትበቃው ለሚሊዮን አትሆንም።

ገንዘብ ላይ ሲሆን ይብሳል። 19.99 ብርን በ100 አባዝታችሁ ኢንት ውስጥ ብታስገቡ 1998 ሳንቲም ይወጣል። ብዜቱ 1998.9999999999998 ነው፣ ሲ ደግሞ ወደ ኢንት ሲቀይር ይቆርጣል እንጂ አያጠጋጋም። ኤልራውንድ (lround) አጠጋግቶ ያስተካክለዋል፤ እኔ ግን ገንዘብን ከመጀመሪያውም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ያዙት ባይ ነኝ።

ትልልቅ ሙሉ ቁጥሮችንም ፍሎት ውስጥ አታስገቡ። 16,777,217 ሲገባ 16,777,216 ሆኖ ነው የሚወጣው። ሜሞሪ ካልጠበባችሁ በስተቀር ደብል ተጠቀሙ።