ለድርጅታችሁ የኦንላይን ስልጠና ብር ከየት ይመጣል? እንዴት እንደሚሰራ

ኢ-ለርኒንግ እንጀምር ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው መልስ "በጀት የለም" ነው፣ ግን ብሩ ብዙ ጊዜ እዛው ድርጅት ውስጥ በሌላ ስም ነው ያለው። ስለዚህ ስፖንሰር ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት አምና ለስልጠና የወጣውን አገላብጡ፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ ሻይ ቡና፣ ከክልል ቅርንጫፍ አዲስ አበባ ለሚመጣው ሰው ትራንስፖርትና አበል። አበሉን ለብቻው ደምሩት፣ አለቃን የሚያሳምነው እሱ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ነፃውን ውሰዱ። ሙድል (Moodle) የሚባለው የኦንላይን ኮርስ ማስተማሪያ ሶፍትዌር ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ላይሰንስ አይከፈልበትም፣ ሰርቨሩና የሚያስተዳድረው ሰው ግን ወጪ ናቸው። የሙድል የስልክ አፑ ላይ ትምህርቱን በቢሮ ዋይፋይ አውርዶ ቤት ገብቶ ያለ ኔት ማየት ይቻላል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፣ ሰራተኛው በራሱ ብር ዳታ እየገዛ ተማር ከተባለ መተዉ አይቀርም። ለኮዲንግና ለዳታ መነሻ ደግሞ ሐምሌ 2016 የተጀመረው የመንግስት የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የኦንላይን ስልጠና ፕሮግራም በነፃ ነው፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣል።

ሶስተኛ ታክሱን አስሉ። ለድርጅቱ ስራ የወጣ የስልጠና ወጪ ከትርፍ ላይ ተቀናሽ ነው፣ የድርጅት የትርፍ ግብር 30 ፐርሰንት ስለሆነ አትራፊ ድርጅት 500,000 ብር ቢያወጣ ግብሩ 150,000 ይቀንስለታል፣ ከኪሱ የሚወጣው 350,000 ነው ማለት ነው። ግን ደረሰኝ ከሌለ ይሄ ሁሉ የለም! የውጭ ፕላትፎርም በአንድ ሰው የግል ካርድ ከፍላችሁ በኋላ ወረቀት ከመፈለግ መጀመሪያ ፋይናንስን ጠይቁ። ዋጋውንም በዶላር ያዙት፣ ምንዛሪው በገበያ ከሆነ ወዲህ በብር የተጻፈ ፕሮፖዛል ቶሎ ያረጃል።

አራተኛው መንገድ እቃ ሻጩ ነው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሶፍትዌር ወይም ማሽን ስትገዙ ጨረታው ላይ "የተጠቃሚ ስልጠና በቪዲዮ ተቀርጾ ለድርጅቱ ይሰጣል" የሚል መስመር አስገቡ፣ ውል ከተፈረመ በኋላ ከጠየቃችሁ ግን ለብቻው ትከፍላላችሁ።

ተመሳሳይ ስራ ላይ ያላችሁ ድርጅቶችም አንድ ላይ ማሰራት ትችላላችሁ፣ ሶስት ሆቴል ስለ ምግብ ንጽህና ለየብቻ ኮርስ የሚያሰራበት ምክንያት የለም። ለጋሽ ጋ ስትሄዱ ደግሞ "ኢ-ለርኒንግ" ብላችሁ አትግቡ፣ ስንት ወጣት፣ ስንት ሴት ምን ስራ ላይ እንደሚገባ አሳዩ፣ ማስተርካርድ ፋውንዴሽንን የመሰሉት የሚያዩት የወጣቱን ስራ ነው።

ሰራተኛው ተምሮ ይሄዳል የሚል ፍርሃት ካለ ከስልጠናው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል የግዴታ ውል ይፈረም፣ ግን ሰዉን አታስጨንቁበት። ከደሞዝ የሚቆረጥ ነገር ካለ ሰራተኛው በጽሁፍ ይስማማ፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሶስተኛ ማለፍ አይችልም።

በጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ጥያቄውን ሚያዝያ ላይ አስገቡ፣ ሰኔ ላይ ከደረሰ ብሩ ተደልድሎ አልቋል።